የቡና ርክክብ መዝገባችንን በዩኒክስ መሣሪያዎች ዊንዶውስ ላይ እንዴት እንዳጠራሁት

በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጅማ ከተማ ውስጥ ከገበሬዎች ቡና በሚረከብ አንድ ድርጅት መዝገብ ክፍል እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ አዛውንት ደረሰኞቻቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡና የትርፍ ክፍፍላቸው ከጎረቤቶቻቸው ለምን እንዳነሰ ጠየቁን። ስማቸውን ከኮምፒዩተሩ ስፈልግ «ሐሰን አባፊጣ»፣ «ሀሰን አባ ፊጣ» እና «ሃሰን አባፊጣ» የሚባሉ ሦስት ሰዎች በሦስት የመረከቢያ ጣቢያዎች ተመዝግበው አገኘሁ። ክፍያው የተሠራው ለአንደኛው ብቻ ነበር። «ልጄ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ሦስት ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

የስድስት ዓመት መዝገብ ነበረን። እያንዳንዱ ጣቢያ ለየራሱ የሞላው፣ በተለያየ እጅ የተጻፈና በተለያየ ኮምፒዩተር የተቀመጠ ሠንጠረዥ ነው። ይህን ሁሉ በዓይን እያዩ ማረም የማይታሰብ ስለሆነ በተማሪነቴ የለመድኳቸው የዩኒክስ ትንንሽ መሣሪያዎች ትዝ አሉኝ፦ ፈላጊው ግሬፕ፣ አራሚው ሴድ፣ ደርዳሪው ሶርት፣ ዓምድ ቆጣሪው ኦክ። ዩኒክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪዎች ከተጀመረና በ1973 የአንዱን ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ወደ ሌላው የሚያፈስሰው «ቧንቧ» ከተጨመረበት ጊዜ ወዲህ የእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ጠባይ ብዙም አልተለወጠም። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። መፈልፈያው ይፈለፍላል፣ ገንዳው ያብላላል፣ ቦዩ ያጥባል፣ አልጋው ያደርቃል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም፣ የጨረሰውን ግን ለሚቀጥለው ያስተላልፋል።

ችግሩ የቢሯችን ኮምፒዩተሮች በሙሉ በዊንዶውስ የሚሠሩ መሆናቸው ነበር። ዊንዶውስን አጥፍቶ የዩኒክስን ደንብ የሚከተለውን ሊኑክስን መጫን አይቻልም፤ የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ውጭ አይነሣም። ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ንብረቱ የመሥሪያ ቤት ስለሆነና አንድ ነገር ቢበላሽ የምጠየቀው እኔ ስለሆንኩ አልደፈርኩም። በምናባዊ ማሽን ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ ለማስነሣትም ሞክሬአለሁ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ሁለት ስርዓተ ክወና በአንድ ጊዜ ሲሸከም ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ዳግመኛ አይሞክረውም።

ስለዚህ የዩኒክስ መሣሪያዎችን በዊንዶውስ ላይ ወደሚያሠራው ሲግዊን ሄድኩ። ሲግዊን እ.ኤ.አ. በ1995 በሲግነስ ኩባንያ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት አንድ የዊንዶውስ ቤተ ፋይል (ዲኤልኤል) ነው፤ ፕሮግራሙ በዩኒክስ ደንብ የሚጠይቀውን ጥያቄ ተቀብሎ በዊንዶውስ አቅም ይመልስለታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለሊኑክስ የተሠራ ፕሮግራም እንዳለ ተገልብጦ በሲግዊን አይሠራም፣ ምንጭ ኮዱ (ሰው የጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ) ከዚህ ቤተ ፋይል ጋር እንደገና መጠናቀር፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ መቀየር አለበት። እነ ሴድና ሶርት በጅማው ላፕቶፕ ላይ ሊሠሩ የቻሉት ምንጫቸው ክፍት በመሆኑና ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ይህን ስላደረጉልኝ ነው። የሒሳብ ፕሮግራማችን በተቃራኒው መንገድ ወደ ሊኑክስ መሻገር ያልቻለው ደግሞ ምንጩ በባለቤቱ እጅ የተቆለፈ ስለነበረ ነው።

የሲግዊን መጫኛ አንድ የምወድለት ጠባይ አለው፤ ማውረድንና መጫንን ይለያያል። ክረምት ነው፣ ጅማ ላይ ዝናቡ ሲጀምር መብራቱ ይሄዳል፣ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛሁ የሚያስፈልጉኝን የፕሮግራም ጥቅሎች ብቻ በአንድ ፎልደር አወረድኩ፣ በፍላሽ ወደ ቢሮ ወሰድኩ፣ ከዚያም «ከአካባቢያዊ ፎልደር ጫን» የሚለውን መርጬ ያለ ኢንተርኔት ጨረስኩ። ሁሉንም ጥቅል ለመጫን የሚቋምጥ ሰው ግን ሳምንቱን በሙሉ ሲያወርድ ይከርማል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ጥፋቴን አጠፋሁ። ሐን ወደ ሀ ለመቀየር፣ ፊደል በፊደል ይተካል ብዬ የማውቀውን ቲአር የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀምኩ። ሐሰን ሀሰን ሆነ፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ ግን ነስሩ «ኀስሩ»፣ ነጃት «ኀጃት»፣ ጐሳዬ ደግሞ «ጀሳዬ» ሆነው አገኘኋቸው። ግማሽ ቀን ቫይረስ ነው እያልኩ ከተንከራተትኩ በኋላ ነገሩ ገባኝ። ከእንግሊዝኛ ፊደል በተለየ፣ ፊደሎችን በቁጥር በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል የሚቀመጠው በሦስት ባይት ነው፦ ሐ 225፣ 136፣ 144 ሲሆን ሀ ደግሞ 225፣ 136፣ 128 ነው። የጂኤንዩ ቲአር ፊደል አያውቅም፣ ባይት እንጂ፤ «ሐን በሀ ተካ» ሲባል የሚገባው «144ን ሁሉ በ128 ተካ» የሚል ነው። ነ የሚጻፈው በ225፣ 138 እና 144 ስለሆነ የመጨረሻው ባይት ሲቀየር ኀ ይሆናል፤ ጐም በዚሁ መንገድ ጀ ይሆናል። ፕሮግራሙ ስህተት አልሠራም፣ የተጠየቀውን ፈጽሟል። የሴድ «ዋይ» ትእዛዝ ግን የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 እስከሆነ ድረስ ፊደልን እንደ ፊደል ስለሚቆጥር፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው በአንድ መስመር ቀየረልኝ። ያን ቀን ዋናውን ፋይል ሳይሆን ቅጂውን ይዤ በመሥራቴ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።

በነገራችን ላይ፣ መጀመሪያ ላይ በጥቁሩ መስኮት የግዕዝ ፊደል የሚታየኝ እንደ ባዶ ሳጥን ነበር። ይህ የመስኮቱ ፎንት ጉድለት ብቻ ነው፤ ፎንቱን ወደ ኒያላ ስቀይረው ሁሉም ተነበበ፣ ፋይሉ ውስጥ የነበረው ፊደል ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር። ሳጥን አይቶ መረጃው ጠፋ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የጥያቄ ምልክት ካዩ ግን ይደንግጡ፣ ያ በእውነት ጠፍቷል። ከሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ላይ በነጠላ ሰረዝ የተለየ ጽሑፍ አድርጌ በተለመደው ምርጫ ያስቀመጥኳቸው የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ነበር፤ ከዝርዝሩ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥ ነበረብኝ።

ከዚህ በኋላ የገጠሙኝ ችግሮች ሁሉ ሁለቱ ሥርዓቶች ከሚገናኙበት ድንበር ላይ የመጡ ናቸው። ዊንዶውስ የመስመርን መጨረሻ በሁለት ምልክት ይዘጋል፣ ዩኒክስ በአንድ፤ ስለዚህ ከዊንዶውስ የመጣ መዝገብ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ የማይታይ ትርፍ ምልክት ይዞ ይገባል። «ጎማ» የሚለው የወረዳ ስም በሁለት ፋይሎች በዓይን አንድ ሆኖ እያየሁት ማሽኑ አይገጥሙም ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ዩቲኤፍ-8 ሆኖ የተቀመጠው ሠንጠረዥም በፋይሉ መነሻ ላይ የማይታይ መለያ ይጨምራል፤ ይህ መለያ የመጀመሪያውን መስመር ከፍለጋ ይሰውረዋል። በመጨረሻ ያበጀሁት ደንብ ቀላል ነው። ማንኛውም ፋይል ሲገባ ዶስቱዩኒክስ በሚባለው ፕሮግራም ትርፍ ምልክቶቹ ይራገፋሉ፣ መለያውም ይነሣል፤ ሲወጣ ደግሞ መለያው ይመለሳል፣ አለበለዚያ ሒሳብ ክፍል ሲከፍተው አማርኛው ይመሰቃቀላል። በመካከል ያለው ሥራ በሙሉ በዩኒክስ ደንብ ብቻ ይካሄዳል።

የቀኑ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። የጣቢያ ጸሐፊዎች ቀን የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ጥቅምት 28 ቀን 2013 «28/02/2013» ተብሎ ይገባል። የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ይህን የፈረንጅ ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ጥቅምት 29 እና 30 ሲደርስ ግን በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጥቅምት እሸት ቡና መግባት የሚጀምርበት ወር ነው፤ በድርደራው ውስጥ የወሩ ሁለት ቀናት ብቻ ተለይተው ከታች መቀመጣቸው ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። በዩኒክስ በኩል ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በዚህ ቅደም ተከተል «2013-02-30» አድርጌ ስጽፈው ሶርት ምንም አልጠየቀኝም፤ ለእሱ ጽሑፍ ነው፣ ጳጉሜን 13ኛ ወር ብትሆንም አይደንቀውም። የግዕዝ ፊደልን ለመደርደርም የቋንቋ ቅንብሩን «ሲ» ማድረግ ይበቃል፤ በዩኒኮድ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለውን ገበታ ስለሚከተል በባይት የተደረደረው ዝርዝር በፊደል ገበታ ቅደም ተከተል ይወጣል። ዋናው ነገር ሁለት ፋይሎችን ከማጋጠም በፊት ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቅንብር መደርደር ነው፤ እኔ አንዱን በአንድ ቅንብር፣ ሌላውን በሌላ ደርድሬ የብዙ ገበሬዎች መስመር ሳይገጥም ቀርቶብኛል።

ሲግዊን ሥራውን ሠራልኝ፣ ነገር ግን ቀርፋፋ ነበር። ለእያንዳንዱ መስመር ሴድን እንደ አዲስ የሚጠራ ድግግሞሽ ጽፌ ምሳ በልቼ፣ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ገና ግማሽ አልደረሰም። ዩኒክስ ላይ ፕሮግራም ራሱን ለሁለት ማባዛቱ ተራ ነገር ነው፤ ዊንዶውስ ግን ይህ ችሎታ እንዲህ ሆኖ የለውም፣ ሲግዊን በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ሂደት ከፍቶ የወላጁን ማህደረ ትውስታ መገልበጥ ይኖርበታል። ድግግሞሹን ትቼ ፋይሉን በሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነብ የኦክ ትእዛዝ ስጽፍ በጥቂት ሴኮንዶች አለቀ። ይህን ጥበብ ሊኑክስ ላይ ብሠራ ኖሮ ላልማረው እችል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት 8 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ሲሰጠኝ የዊንዶውስን የሊኑክስ ንዑስ ስርዓት ሞከርኩ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የመጀመሪያው ዓይነት የሊኑክስ ፕሮግራም ለስርዓቱ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች (የስርዓት ጥሪዎች) እየተረጎመ ያልተነካካ የሊኑክስ ፕሮግራም ያስነሣል፤ በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱን እምብርት) በቀላል ምናባዊ ማሽን ውስጥ ያካሂዳል። ሁለተኛውን ለማስነሣት መጀመሪያ ባዮስ (የኮምፒዩተሩ የመነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብቼ ተዘግቶ የነበረውን የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ መክፈት ነበረብኝ። ከዚያም ፋይሎቼን ሲ ድራይቭ ላይ ትቼ ከሊኑክሱ በኩል ስሠራባቸው ከሲግዊን የባሰ ዘገየ፤ እንደገና የድንበሩ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ከምናባዊ ማሽኑ ወጥቶ መመለስ አለበት። መዝገቡን ወደ ሊኑክሱ የራሱ ቤት ካዛወርኩት በኋላ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ሆነ። 4 ጊጋባይት ባላቸው ላፕቶፖች ላይ እስከ ዛሬ የምጭነው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፤ ምናባዊ ማሽን አይፈልግም፣ የዊንዶውስን ፋይልም በቀጥታ ያነባል።

ያዘጋጀሁትን ሊኑክስ ለሁለት ባልደረቦቼ ለማካፈል በአንድ ፋይል አድርጌ ወደ ፍላሽ ልገለብጠው ሞከርኩ፤ ፍላሹ ግን ቦታ እያለው አልቀበልም አለ። ፍላሹ በፋት32 የተዘጋጀ ነበር፣ ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ነጠላ ፋይል አይዝም። ጨምቄ አሳነስኩት። ሌላው ትንሽ ነገር በቁቤ የተሰየሙ ፋይሎች ነበሩ፤ በአፋን ኦሮሞ ስሞች ውስጥ የሚገባው ሁድሃ ከነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ጋር አንድ ስለሆነ የፋይል ስሞችን ለሌላ ትእዛዝ የሚያቀብለው ኤክስአርግስ «ያልተዘጋ ጥቅስ» እያለ ይቆማል። የፋይል ስሞቹ በባዶ ባይት ተለይተው እንዲተላለፉ ማድረግ ችግሩን ፈታው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ቴክኒኩ አልነበረም። ፊደሎቹን ካስተካከልኩና «አባ ፊጣ»ን ከ«አባፊጣ» ጋር ካገጣጠምኩ በኋላ ማሽኑ አንድ ናቸው ያላቸው ስሞች ውስጥ በእርግጥም ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሐሰን አባፊጣ ቢኖሩ ጅማ ላይ ማንንም አያስገርምም። ስለዚህ የተስተካከለውን ስም መፈለጊያ ብቻ አድርጌ በለብቻ ዓምድ አስቀመጥኩ፤ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም አልነካሁም። የአያት ስምና የአባልነት ቁጥር ጨምሬ አጠራጣሪዎቹን በወረቀት አትሜ ለየጣቢያው ኃላፊዎች ላክሁ። ከአርባ በላይ የሚሆኑት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ተመለሱ። እነዚህን ማሽኑ ብቻውን አስታርቆ ቢሆን ኖሮ የአንዱን ገንዘብ ለሌላው እንሰጥ ነበር።

አዛውንቱ ቀሪ ገንዘባቸውን ወስደዋል። በቀጣዩ ዓመት ክፍፍል ጊዜ ሲመጡ ስማቸውን በአንድ መስመር ላይ አሳየኋቸው፤ ጠጋ ብለው ካዩት በኋላ፣ «አዲሱ ጸሐፊ ደግሞ በሌላኛው ሀ ቢጽፈኝስ?» አሉኝ። «ይጻፍ አባቴ፣ አሁን ማሽኑ ያውቅዎታል» አልኳቸው፤ ቢሆንም የአባልነት ቁጥራቸውን በደረሰኛቸው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው።