የስቲቨንስን እንባ የሚነግሩን ሌሎች ናቸው

የካዙኦ ኢሺጉሮን ልቦለድ «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» (1989) አንብበው ስለ ተራኪው ስለ ስቲቨንስ «ሰውዬው ድንጋይ ነው» የሚሉ አሉ። የስቲቨንስን ቃል እንዳለ ስለተቀበሉት ነው። ይህ የእንግሊዝ ትልቅ ቤት የአሳላፊዎች አለቃ ስለ ክብርና ስለ ሙያ ገጽ ሙሉ ያወራል፤ ስሜቱን የሚያወጡበት ግን ሌሎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1923 በቤቱ የተካሄደውን ጉባኤ ውሰዱ። ፎቅ ላይ አባቱ ሞቷል፤ ልጁ ታች ለእንግዶች ፖርት ወይን ይቀዳል። የሚተርክልን ስለ ብርጭቆው፣ እግሩን ስላመመው ፈረንሳዊ እንግዳ ነው። ድንገት የቤቱ ጌታ ሎርድ ዳርሊንግተን የምታለቅስ ትመስላለህ ይለዋል። ስቲቨንስ ይስቃል፣ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ይጠርጋል፣ የቀኑ ድካም ነው ይላል። ጌታው ባይናገር ኖሮ እንባውን ባላወቅን።

ትዝታውም ያጋልጠዋል። የቤቱ ሴት ሠራተኞች ኃላፊ ሚስ ኬንተን ከተዘጋው በር ኋላ እያለቀሰች ነው ብሎ ኮሪደር ላይ የቆመበትን ጊዜ መጀመሪያ አክስቷ ከሞተችበት ቀን ጋር ያያይዘዋል። ቆይቶ ያርመዋል፦ ሌላ ሰው ለማግባት መስማማቷን የነገረችው ምሽት ነበር። በሐዘን ያመካኘው ለቅሶ፣ ምክንያቱ እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን አንብቧቸው።

የምዕራፍ ርዕሶቹንም አትዝለሉ። ስቲቨንስ ከዓመታት በኋላ፣ በሐምሌ 1956 (እ.ኤ.አ.)፣ ቤቱን ለቅቃ የሄደችውን ሚስ ኬንተንን ለማግኘት የሚያደርገው ጉዞ ስድስት ቀን ነው፤ አምስተኛው ቀን ግን ምዕራፍ የለውም። በአራተኛው ቀን ኮርንዎል ውስጥ እሷን ለማግኘት ሰዓት ይጠብቃል፤ ገጹን ስትገልጡ ስድስተኛው ቀን ምሽት፣ ዌይማውዝ ከተማ ነው። ስለ መገናኘታቸው የሚነግረን ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ልቡ መሰበሩን በግልጽ የሚያምነውም እዚያ ብቻ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያው ፈገግ ብሎ ይሰናበታታል።

እንዲህ ያለ ተራኪ ለመጻፍ የሚሞክሩ ብዙዎች የሚሰናከሉት ቤቱን በሙሉ ዝምተኛ በማድረግ ነው። ተራኪው አፉን ሲይዝ የሚቆጣ፣ የሚያሾፍ፣ ፊቱን አይቶ የሚናገር ሰው አጠገቡ ያስፈልገዋል። ሚስ ኬንተን ሁለቱ አይሁዳውያን ሠራተኞች በሎርዱ ትእዛዝ ሲባረሩ ሥራዬን እለቃለሁ ብላ ትፎክራለች። ያለ እሷ ቁጣ፣ የስቲቨንስ ታዛዥነት ጨዋነት ብቻ መስሎን ባለፈ ነበር።