ድሬን በቀትር

መሥሪያ ቤቴ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። ነፃ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኛ የዕቃ አስተላላፊዎች ዓይን ወደዚያ ነው። አለቃዬ «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» ካለኝ ወር አለፈ።

ደመወዙ ይሻላል። ኪራዩም ይቀንሳል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ የስፌት መኪናዋን ይዛ የትም ሱቅ መክፈት ትችላለች። ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትለምዳለች። እንቅልፍ የነሳኝ የእማዬ ነገር ነው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። ሁላችንም ወጥተን ስንውል ቤት የምትውለው እሷ ናት። ያ ሙቀት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ለዚህ ነው በሰኔ የሄድኩት። «በጥር ሂድ፣ አየሩ ደስ ይላል» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ለሽርሽር ቢሆን እሺ። ልትኖርበት ያሰብከውን ከተማ ግን በክፉ ወሩ ነው ማየት።

አውቶቡሱ ሊነጋ ሲል ከአዲስ አበባ ተነሣ። አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ከዚያ የጭሮ ዳገት። ቁሉቢ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ተነሥተው አማተቡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። እስከዚያ ጃኬቴን አላወለቅኩም። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬ። ቁልቁለቱ ሲጀምር በመስኮት የሚገባው ንፋስ በየጥምዝምዙ እየሞቀ ሄደ። ታች ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ በቆመበት ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ሐረርን ያህል ዳገት መውጣት ከባድ ነበርና ተራራው ሥር ቀረ። ከአዲስ አበባ በግማሽ ያህል ዝቅ ብላ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ከበደችኝ። ያደርኩበት ማረፊያ መብራት ጠፋ፣ የአየር ማራገቢያው ቆመ። ወደ ግቢ ብወጣ ዘበኛው አልጋውን አውጥቶ ደጅ ተኝቷል። ምንም ሳልናገር ምንጣፍ ወረወረልኝ።

ጠዋት ፈጢራ በእንቁላል በልቼ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። የባጃጁ ልጅ ከሃያ ብዙም አያልፍም። «አቦ ግባ፣ የት ላድርስህ?» አለኝ። እዚህ አንቱታ የለም። ትንሹም ትልቁም አንተ ነው።

የመጀመሪያው ቤት ደቻቱ ዳር ነበር። ወንዝ ነው ይላሉ እንጂ ጠብታ ውኃ የለውም። ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ደላላው የዋጋውን ርካሽነት አወራልኝ። ወጥተን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ «አቦ፣ እዚህ አትከራይ» አለ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ነገረኝ። ከ200 በላይ ሰው በተኛበት ወሰደ። «ዝናቡ እዚህ አልነበረም፣ ላይ ተራራው ላይ ነው የዘነበው። ማን ይጠርጥር?» ከዚያ በኋላ ያንን አሸዋ ደፍሬ ማየት አልቻልኩም።

ሁለተኛው ከዚራ ሰፈር ነው። ዛፍ በዛፍ የሆነ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ። የቤቱን ባለቤት «እርስዎ ነዎት የሚያከራዩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። «ማንን ነው? አንቺ በለኝ ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ስድስት ተኩል ገደማ ነበር። ሱቁ ሁሉ እየተዘጋ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል። «እማማ፣ ክፍሉ ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቀመጥ?» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ ሰሌን አመጡልኝ።

ተቀመጥኩ። ከውጭ መዳፌን የለበለበኝ ግድግዳ ከውስጥ ሲነኩት ቀዝቀዝ ይላል። አየሩ ግን አይንቀሳቀስም። ስምንት ሰዓት ላይ ላቡ ከአገጬ ይንጠባጠብ ጀመር። እማዬን እዚያ ሰሌን ላይ አሰብኳትና ሆዴ ተንቦጫቦጨ። የሰጡኝን ውኃ ስቀምሰው ጨው ጨው አለኝ። ማንቆርቆሪያቸውን ከፍቼ አየሁት፣ ውስጡ ኖራ የተቀባ ይመስላል። «ለመጠጥ ገዝተን ነው፣ ለግፊት ሰውማ ይሄ አይሆንም» አሉኝ። ያችን ሰዓት ቢጠይቁኝ መልሴ አልሄድም ነበር።

አሥር ሰዓት ሲል ግቢው ላይ ውኃ ረጩ። የአፈሩ ሽታ ተነሣ። የኒሙ ዛፍ ጥላ ረዘመ። የጎረቤት ሴቶች ወንበራቸውን ይዘው መጡ፣ አንዷ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ ሌላዋ በሶማሊኛ ትመልሳለች፣ ሳቁ በአማርኛ ያልቃል። ሁሉም የእማዬ እኩዮች ናቸው። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጅ ልጅ ነው ወሬያቸው። አንዷ ማንጎ ልጣ በእጄ አስያዘችኝ።

እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ ደረጃው ስለሚያደክማት ከእሑድ እሑድ አትወርድም። ቀኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ውኃው ጣፋጭ ነው፣ እሷ ግን መስኮት ላይ ቆማ ነው የምትውለው። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖረች እዚያ ኒም ሥር ቆጠርኩ። አምስት።

ደወልኩላት። ሙቀቱንም፣ ውኃውንም፣ ሴቶቹንም አልደበቅኳትም። ትንሽ ዝም አለችና «ቤቱ ደረጃ አለው?» አለችኝ።

«የለውም እማዬ።»

ቀብድ ላስይዝ ገንዘብ ሳወጣ የቤቱ ባለቤት እጄን ገፉት። «ጥቅምት ላይ ይዘሃት ና። እሷ ገብታ ሳታየው ብርህን አልቀበልም።» ለእማዬ ብለው ማንጎ በፌስታል ሞሉልኝ። ሲመለስ አውቶቡሱ ደንገጎን ሲወጣ እግሬ መሐል ይዤው ነበር።