የሞሊኑ ስቲምዊለርስ

አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዓመቱን የጨረሰ ቡድን እንዴት እንደጠፋ ማሰብ አሁንም ያሳዝነኛል።

ኳድ ሲቲ ስቲምዊለርስ በኢሊኖይ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ሞሊን ከተማ ይጫወት የነበረ የአዳራሽ ፉትቦል (በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ የአሜሪካ ፉትቦል) ቡድን ነው። ስሙን ያገኘው በወንዙ ላይ ይመላለሱ ከነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኤኤፍቱ የሚባለው፣ የዋናው የአረና (የአዳራሽ) ፉትቦል ሊግ ታናሽ ሊግ፣ በ15 ቡድኖች ሲመሠረት አብሮ ጀመረ። በዚያው ዓመት 16ቱን መደበኛ ጨዋታና 3ቱን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አሸነፈ። በፍጻሜው ቴነሲ ቫሊ ቫይፐርስን 68 ለ 59 ረታ፤ በ2001 ደግሞ ሪችመንድ ስፒድን 55 ለ 51 አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ።

ነጥቡ እንዲህ የሚበዛው በሜዳው ጥበት ነው። ርዝመቱ 50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ)፣ ስፋቱ 26 ሜትር ነው፤ በየወገኑ 8 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን በእግር ጠልዞ ለተጋጣሚ መስጠት ክልክል ስለሆነ ኳሷን ወደፊት ለማራመድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በመጨረሻው ወይ ወደ ግቡ መምታት ወይ ለማራመድ መሞከር ግድ ነው። የግቡ ቋሚዎች ርቀት 2.7 ሜትር ብቻ ነው። በግራና በቀኝ መረብ ተወጥሯል፤ ያልገባች ኳስ መረቡን ነክታ ስትመለስ ጨዋታው አይቆምም፣ ተከላካዩ ይዟት መሮጥ ይችላል። ይህን ጨዋታ የፈጠረው ጂም ፎስተር ከቡድኑ ባለቤቶች አንዱ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት በ1981 በኒውዮርክ የአዳራሽ እግር ኳስ እያየ ሳለ ነው።

አዳራሹ የበረዶ ሆኪ ቡድንም ቤት ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ በረዶው ሳይቀልጥ በጣውላ ይሸፈናል፣ በላዩ ሰው ሠራሽ ሣር በጥቅል በጥቅል ይዘረጋል፣ የዙሪያው ግድግዳ በወፍራም ስፖንጅ ይለበዳል። ችግር የሚነሣው ከመጋጠሚያው ነው፦ ሁለት ጥቅሎች በደንብ ካልተያያዙ ጫፉ ይነሣና ጫማ ይጠልፋል። ስፖንጁ ከላላ ደግሞ ግድግዳው ራሱ አጥንት ይሰብራል።

ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 200 ዶላር ገደማ ስለሚያገኝ በሌላ ሥራ መተዳደር ነበረበት። እንዲያም ሆኖ ሊጉ በ2002 ወደ 34 ቡድን ሰፋ። በእኔ እይታ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከተሞቹ በበዙ ቁጥር ጉዞው ረዘመ፣ ወጪውም ከትኬት ገቢው ቀድሞ አደገ።

ስቲምዊለርስ ግን አሥሩንም ዓመት ጸና፤ ይህን ያደረጉት እሱና የተልሳው ታሎንስ ብቻ ናቸው። የጣለው ከላይ የመጣ ነው። ታላቁ የአረና ሊግ የ2009 ውድድሩን ሰርዞ ለኪሳራ ሲዳረግ የታናሹን ሊግ አብላጫ ድርሻ ይዞ ነበር። በመስከረም 2009 ኤኤፍቱ ፈረሰ፣ ስቲምዊለርስም አብሮ ቆመ።

በ2018 ሌላ ቡድን ስሙን ይዞ በዚያው አዳራሽ ጀመረ። ሊጉ የተለየ ነው፤ የ2000ውን 19 ድሎች ለእሱ መቁጠር ልክ አይመስለኝም።