መስከረም −16 የተወለዱት ሰውዬ

ደንበኛችን ብዙ ነባር ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት ነው። የሠራተኞቹን መረጃ የሚይዘው ሲስተም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ጃቫ ወደሚባለው ሌላ ቋንቋ እንድናዞረው ተጠየቅን። ኮዱን ያዞረው ከቡድናችን ጠንቃቃው ልጅ ነው። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ቴስት ሁሉ አለፈ፣ አስረከብን።

ብዙም ሳይቆይ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ደወሉ።

"ልጄ፣ በ2015 ጡረታ የሚወጡት ስም ዝርዝር ላይ ሰው ጎድሏል። ስቶር ኪፐራችን የሉም።"

"እትዬ፣ የትውልድ ዘመናቸው ስንት ነው?"

"ነሐሴ 20 ቀን 1955። ማህደራቸው ይኸው እጄ ላይ ነው። የእናንተው ኮምፒውተር ግን 1956 ይላል። የድሮው እንዲህ አያደርገንም ነበር።"

መውጫ ዕድሜው 60 ስለሆነ ሰውዬው ጡረታቸውን አንድ ዓመት ሊጠብቁ ነው ማለት ነው። ሌሎች ማህደሮችም ሲታዩ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች አንድ ዓመት ወጣት ሆነው ተገኙ። ወጣቶቹ ላይ ግን ምንም ችግር የለም።

የድሮውንና የአዲሱን ኮድ ጎን ለጎን ከፈትናቸው። መስመር በመስመር አንድ ናቸው። ያው ማካፈል፣ ያው ቀሪ፣ ያው ቁጥር።

ሲስተሙ እያንዳንዱን ቀን የሚያስቀምጠው በአንድ ቁጥር ነው፦ ከመስከረም 1 ቀን 1956 ወዲህ ስንት ቀን እንዳለፈ። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ቁጥሩ ነጌቲቭ ይሆናል። 1955 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ስለዚህ ከነሐሴ 20 እስከ እንቁጣጣሽ 17 ቀን አለ። የሰውዬው ቁጥር −17 ነው። አራቱ ወንጌላውያን አንድ ዙር ሲሞሉ 1461 ቀን ይሆናል፤ ኮዱም ቁጥሩን ለ1461 ያካፍላል። ድርሻው ስንተኛው ዙር እንደሆነ ይነግረናል፣ ቀሪው ደግሞ በዙሩ ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ።

−17ን ለ1461 አካፍል ሲባል ፓይተን ድርሻው −1፣ ቀሪው 1444 ነው ይላል። ጃቫ ድርሻው 0፣ ቀሪው −17 ነው ይላል።

ፓይተንን ተከትለን እንሂድ። ከ1444 ላይ የሦስት ዓመት 1095 ቀን ሲነሳ 349 ይቀራል። እሱም 11 ወር ከ19 ቀን ነው። ያ ካለፈ በኋላ ያለው ቀን ነሐሴ 20 ነው፣ ዓመቱም 1955። ልክ ነው። (የጳጉሜን 6 ልዩ መስመርም አለች፤ እሷ እዚህ አትነካንም።) ጃቫ በዚያው መንገድ ሄዶ ያወጣው ቀን "መስከረም −16 ቀን 1956" ነው። የጡረታ ዝርዝሩ ዓመቱን ብቻ ስለሚያሳይ −16ን ያየ ሰው አልነበረም።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ቋንቋዎች በሒሳብ አልተሳሳቱም። −1 ሲባዛ በ1461 ሲደመር 1444፣ −17 ነው። 0 ሲባዛ በ1461 ሲቀነስ 17ም −17 ነው። ፓይተን ድርሻውን ወደ ታች ያወርዳል፣ ጃቫ ወደ ዜሮ ያስጠጋል። ሲ የሚባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ደረጃው ጉዳዩን ለኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚቀይረው ፕሮግራም) ሠሪዎች ትቶት ነበር፤ ወደ ዜሮ ይጠጋ ተብሎ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሀስኬል የሚባለው ቋንቋ ሁለቱንም አይነት በተለያየ ስም ይዟል።

ቴስቱ ለምን እንዳለፈም አየን። ለሽማግሌዎች የተጻፉት ቴስቶች ሁሉ ልደታቸው መስከረም 1 ነበር። ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው በመስከረም 1 ሲመዘገብ ስለምናይ ለእኛ አገር የተለመደ ምርጫ ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ጃቫም ትክክለኛውን ዓመት ያወጣል።

አንዱ የሥራ ባልደረባችን "ቁጥሩ ነጌቲቭ ከሆነ ከዓመቱ ላይ አንድ እንቀንስና እንገላገል" አለ። ደንበኛው እየጠበቀ ስለነበር ሐሳቡ ያጓጓል። ግን እንደዚያ ብናደርግ ደህና የነበሩት የመስከረም 1 ልጆች ተራቸውን ይበላሻሉ። ምልክቱን ከማሳደድ በፊት ያቺ መስመር ምን ማለት እንደሆነች መስማማት ነበረብን።

ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሮበርት ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1967 ለፕሮግራም ትርጉሙን በሒሳብ መስጠት እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኦክስፎርድ ላይ ክሪስቶፈር ስትሬቺና ዳና ስኮት ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ቁራጭ አንድ የሒሳብ ፈንክሽን ትርጉም አድርጎ መስጠትን ይዘው ተነሱ። በዚያው ዓመት ቤልፋስት ያስተምር የነበረው ቶኒ ሆር ከፕሮግራሙ በፊት ምን እውነት እንደሆነ፣ በኋላስ ምን እውነት እንደሚሆን ጽፎ በመካከሉ ያለውን ማረጋገጥ የሚያስችል ሕግ አወጣ። የሆር ጽሑፍ ላይ ያለው ምሳሌ የሚገርም ነው፦ ደጋግሞ በመቀነስ ድርሻና ቀሪ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም። ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች እንደማይሆኑም እዚያው ተጽፏል። ለእኔ የጽሑፉ ትልቁ ቁም ነገር ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በፓይተኑ ኮዳችን ውስጥ የትም ያልተጻፈው እንዲህ ያለው ነገር ነበር፤ ሲስተሙ ለዓመታት በፓይተን ልማድ ላይ ተደግፎ ኖሯል።

እኛም ቁጭ ብለን ጻፍነው። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ይግባ፤ ሲወጣ ድርሻው በ1461 ተባዝቶ ቀሪው ሲደመርበት የገባውን ቁጥር ይስጥ፤ ቀሪው ከዜሮ አይነስ፣ ከ1461ም ይነስ። ይህ ሲሟላ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ድርሻና አንድ ቀሪ ብቻ ነው ያለው፤ ቋንቋው የሚመርጠው ነገር አይኖርም። ከጃቫ 8 ጀምሮ "ፍሎር ዲቭ" እና "ፍሎር ሞድ" የሚባሉ ፈንክሽኖች ስላሉ ኮዱ ላይ የተቀየረው ጥቂት መስመር ነው። ቴስቱንም በተመረጡ ቀኖች ፋንታ ከመስከረም 1 ቀን 1956 በፊት ያሉትን 1461 ቀኖችና በኋላ ያሉትን 1461 ቀኖች ሁሉ እንዲፈትሽ አደረግነው። ዝርዝሩ ተስተካክሎ ወጣ።

ኮዱን ያዞረው ልጅ ግን በዚህ አላበቃም። "ይቺ ስሌት ሌላ የት አለች?" ብሎ መፈለግ ጀመረና በሪፖርቱ ኩዌሪ (ከዳታቤዙ መረጃ በሚጠይቀው ትእዛዝ) ውስጥ አገኛት። ዳታቤዙ ፖስትግረስ ነው፤ እሱም እንደ ጃቫ ወደ ዜሮ ያስጠጋል። እዚያ ላይ ቀሪው ከወጣ በኋላ 1461 ደምረን እንደገና የ1461ን ቀሪ ወሰድን፤ −17 ገብቶ 1444 ይወጣል። ድርሻው ደግሞ ይህ ቀሪ ከቁጥሩ ላይ ተቀንሶ ለ1461 ሲካፈል ይገኛል። ሁኔታውን ከኩዌሪው በላይ በአማርኛ ኮሜንት አድርጎ ጽፎታል።