የሃምሳ አለቃ ደብተር

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የምመራው የሒሳብ ክፍል እኔን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ነበሩት። ሒሳብ መዝጋት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለማያውቅ ግን የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ማለት ለእኛ የሌላው ሰው የዓውደ ዓመት ዋዜማ ነው ብዬ ልለፈው፤ ልዩነቱ በማግስቱ ዶሮ አለመኖሩ ነው።

የሥራ መውጫ ሰዓታችን 11:30 ነው፤ ሰርቪሱ 11:45 ይነሣል። እኔ በእነዚያ ወራት ከአንድ ቀን በቀር ከምሽቱ 2:00 ሰዓት በፊት ወጥቼ አላውቅም። ይህንንም እንደ ማዕረግ እቆጥረው ነበር። አለቃ ሆኖ ቀድሞ መውጣት ነውር ነው ብሎ ያሳደገኝ የቀድሞ አለቃዬ ነው (ነፍሱን ይማር አልልም፤ ጡረታ ወጥቶ ጎጃም ውስጥ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል፤ ከእኔም በላይ ጤነኛ ነው)። ለማንም ሰው ግን «አምሹ» ብዬ አዝዤ አላውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ስለ ድካማችን ከማን እንደሰማ አላውቅም። ብቻ ሐምሌ 9 እና 10፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል «ዓላማ ያለው አመራርና ራስን መንከባከብ» የሚል ሥልጠና ተዘጋጀልን። የመጀመሪያው ሪፖርት ለቦርድ የሚቀርበው ሐምሌ 15 ነው። ለድካማችን የታዘዘው መድኃኒት የቀሩንን ሁለት የዕረፍት ቀናት ይዞ ሄደ።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ «በርንአውት» የሚባለውን የሥራ መዛል በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ሲያስገባው በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ እንደሆነ፣ መነሻውም ሥር የሰደደና መላ ያልተበጀለት የሥራ ጫና እንደሆነ ነገረን። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ አልባ ሆኖ መታየት። ሦስቱንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ከየምልክቱ ጎን የአንድ የአንድ ሠራተኛዬን ስም አሰፈርኩ። የራሴ ስም እንዲጻፍ አልታየኝም።

«እንግዲህ በአማርኛ መቃጠል እንበለው» አለ አሠልጣኙ።

ገንዘብ ያዣችን ከኋላ ወንበር ሆና፣ «እኛ ዘንድ የሚቃጠለው ፈቃድ ነው» አለች።

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም፤ ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለም በገንዘብ አይለወጥም። ገንዘብ ያዣችን ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች፤ 20 ቀን ይገባታል። በሁለት ዓመት ውስጥ የወሰደችው ግን አራት ቀን ነው፤ እርሱንም ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ። የማስተላለፊያ ደብዳቤዎቹን ሁሉ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከአዳራሹ ሁሉ አብልጬ የሣቅሁትም እኔ ነበርኩ።

ቢጫ ወረቀት ታድሎን ዓላማችንን ጻፉ ተባልን። «በቁጥር እውነትን ማገልገል» ብዬ ጻፍኩ። ተጨበጨበልኝ። ገንዘብ ያዣችን «ቅዳሜን መተኛት» ብላ ጻፈችና ከእኔው ወረቀት አጠገብ ለጠፈችው። ለሻይ ስንወጣ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። «ሥልጠናው እንዴት ነው፣ ደስ ይላል? ጥሩ፣ ጥሩ። ሪፖርቱ ግን ሐሙስ ቢደርስልኝ።»

ማክሰኞ በዋናው መሥሪያ ቤትና በአዳማው መጋዘን ሒሳብ መካከል የ27,000 ብር ልዩነት ተገኘ። የሙያው ሰው ገና ቁጥሩን ሲያይ ያውቀዋል፤ ለ9 ይካፈላል። ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተገለባብጦ የተጻፈ አኃዝ ነው። 27,000 ለ9 ሲካፈል 3,000 ስለሚመጣ፣ የዐሥር ሺሁና የሺው ቤት ተቀያይረዋል፤ በመካከላቸውም የ3 ልዩነት አለ። እንዲህ ያለው ነገር ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሰርቪስ ሳይነሣ የሚያልቅ ሥራ ነው። እኛ ግን ሦስት ምሽት ፈጀብን። ምክንያቱም ቫውቸሮቹን ሳከፋፍል፣ «እኔ ያስገባኋቸውን ተዉአቸው፤ እነርሱ ተረጋግጠዋል» ብያቸው ነበር።

ሐሙስ ማታ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስመለስ ከሁሉም ታናሽ የሆነችው የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቫውቸር ይዛ በሬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። 63,450 ብር። ሲስተሙ ላይ 36,450 ተብሎ ገብቷል። ያስገባው ሰው ስም የእኔ፣ ቀኑ ሰኔ 28፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 3:48። ያን ቀን የልጆቹን ሸክም ላቅልልላቸው ብዬ አንድ አቃፊ ሙሉ ቫውቸር ወደ ራሴ ጠረጴዛ ወስጄ ነበር።

«ሲስተሙ ይሆናል የገለበጠው» አለች፣ ዓይኖቿን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

ሲስተም ቁጥር አይገለብጥም። ሁለታችንም እናውቃለን። «ይሆናል» አልኳት። እስከ ዛሬ ድረስ ከስሕተቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይህ መልሴ ነው።

ሪፖርቱን ልኬ ስወርድ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የጥበቃ ሠራተኛችን የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም። እስኪያባራ ብለው ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አስገቡኝና ከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ሰጡኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቆጡኛል?»

«ምን ያስቆጣኛል፤ ይጠይቁ እንጂ።»

«ልጆቹ ምን በድለው ነው?»

«የትኞቹ ልጆች?»

«ላይ ያሉት።» በአገጫቸው ወደ ሁለተኛው ፎቅ ጠቆሙ። መብራቱ እንደበራ ነው።

«ሥራ አለባቸዋ። ደግሞ በፈቃዳቸው ነው የሚያመሹት፤ ማንም አላስገደዳቸውም።»

ሃምሳ አለቃ አልመለሱልኝም። ከጠረጴዛው ሥር ባለ 50 ቅጠል ደብተር አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡልኝ።

«ሰኔ 27። ኃላፊዋ 3:10፣ ልጆቹ 3:17። ሰኔ 28። ኃላፊዋ 3:55፣ ልጆቹ 4:01። ሐምሌ 4። ኃላፊዋ 2:20፣ ልጆቹ 2:26።»

«ምን ለማለት ነው?» አልኩ፣ ምን ለማለት እንደሆነ ገብቶኝ ሳለ።

«እኔ የማውቀው የጻፍኩትን ነው። እርስዎ ከወጡ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሥራው ያልቃል።» ገጹን ገለጡ። «ሐምሌ 6 ለጥርስዎ ብለው 9:00 ሰዓት ላይ ወጡ። 11:42 ላይ ፎቁ ባዶ ነበር። ሰርቪሱ ሞልቶ ሄደ።»

ይህን እየተነጋገርን ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ስድስቱም ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ቦርሳቸውን አንግተው እየተሣሣቁ ወረዱ። ፊት ፊት የምትመጣው ገንዘብ ያዣችን በጥበቃ ቤቱ መስኮት አየችኝና ቀጥ አለች። ሌሎቹም ከኋላዋ ተደርድረው ቆሙ። ትንሽ ዝም ተባባልን።

«አንድ ፋይል ረስተን…» አለች። ስድስቱም ዞረው ደረጃውን ወጡ። አንድ ፋይል ለማምጣት ስድስት ሰው።

ሃምሳ አለቃ ሣቃቸውን ለመዋጥ ከሰሉን ቆሰቆሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛ ዘንድ፣ እትዬ፣ ደህና አዛዥ እንቅልፍ ባይወስደው እንኳ ይጋደማል። እርሱ ቆሞ ማን ይተኛል?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። የእኔን መግቢያና መውጫ በግል ደብተር እንዲመዘግብ ለዚህ ሰውዬ ማን ፈቀደለት? ነገ ጠዋት አስተዳደር ሄጄ የጥበቃ ሠራተኛ የሥራ ዝርዝር እንዲፈተሽ አደርጋለሁ እያልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። አልጋ ላይ ጋደም ብዬ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ አሰላሁ። የትርፍ ሰዓት ሥራ በአዋጁ አሠሪው በግልጽ ሲያዝዝ ብቻ የሚሠራ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል፤ በሳምንትም ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እኔ አላዘዝኩም። ስላላዘዝኩ አልፈረምኩም፤ ስላልፈረምኩ አልተከፈላቸውም። በእነዚያ ሳምንታት ልጆቹ ነፃ የሆነውን ሰርቪስ ትተው በዝናብ ታክሲ ይጋፉ የነበረው ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው። «አምሹ» ብዬ አለማዘዜን በልቤ እንደ ቸርነት እቆጥረው እንደነበር ያን ሌሊት ትዝ አለኝ።

አስተዳደር አልሄድኩም። ሰኞ ጠዋት ግን ክፍሉን ሰብስቤ፣ ከዛሬ ጀምሮ 11:30 ላይ የክፍሉ መብራት ይጠፋል፤ መጀመሪያ የምወጣውም እኔ ነኝ አልኳቸው። የ27,000ውንም ነገር ስሕተቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። ማንም አልደነገጠም። ለካ ስድስቱም ከሐሙስ ጀምሮ ያውቁታል። ለገንዘብ ያዣችን የዐሥር ቀን ፈቃድ ፈረምኩላት። ወረቀቱን ስትቀበለኝ ግራና ቀኝ አገላብጣ አየችው፤ ሐሰተኛ ብር እንደምትመረምረው አድርጋ።

ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ አስጠራኝ። «መኪናሽን ማታ ማታ ግቢው ውስጥ አላያትም። ምነው፣ ቀዘቀዝሽ?» አለኝ። ሥልጠናውን ተግባር ላይ እያዋልኩ ነው ስለው፣ «እርሱማ ጥሩ ነው፤ ግን በሥራ ሰዓት አይሁን» ብሎ መለሰልኝ። ይህን አባባል በኋላ ለብዙ ሰው ተርኬዋለሁ። እስካሁን የተረጎመልኝ የለም።

እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን መብራቱ ጠፋ እንጂ ሥራው አልቀነሰም። የሰው ቁጥር ያው ሰባት ነው። የዓመቱ የግብር ማሳወቂያ ጥቅምት 30 ላይ ያበቃል፤ የውጭ ኦዲተሮቹ መስከረም ሳይጋመስ መጥተው ጠረጴዛችንን ተካፍለውናል። እና እኔ በጥቅምት 2015 ምን ጀመርኩ? 11:35 ላይ ሁሉም እያየኝ እወጣለሁ። መኪናዬን ሁለት ቅያስ አልፌ ካለች ካፌ ደጅ አቆማለሁ። ማኪያቶ እጠጣለሁ። ሰርቪሱ ሲያልፍ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ከዚያ በእግሬ ተመልሼ በኋላ በር እገባለሁ። የሚከፍቱልኝ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ደብተራቸው ላይ 11:35 እንደወጣሁ ነው የተጻፈው። «ተጋድሜያለሁ» ስላቸው፣ «ይበል» ይሉኛል። ላይ ወጥቼ መብራት ሳላበራ በኮምፒውተሩ ብርሃን ብቻ እሠራለሁ። ዓይኔን ያመኝ ጀምሮ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ማታ በስልኬ መብራት ኮሪደሩን እየጠቆምኩ ስሄድ፣ በሒሳብ ክፍሉ በር ሥር ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። ሌባ መሰለኝ። በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት። ያች ታናሿ ልጅ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጨለማው ውስጥ ትጽፋለች። ስታየኝ እንደመነሣት ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አንቺ በሰርቪስ ሄደሽ አልነበረም?»

«እርስዎም በመኪና ሄደው ነበር» አለችኝ።

ይዣት ወረድኩ። ሃምሳ አለቃ ምድጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ሁለታችንን ጎን ለጎን ሲያዩ እንኳ አልደነገጡም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይህች ልጅ በየት በኩል ነው የገባችው?»

መነጽራቸውን አደረጉ። ደብተሩን ገለጡ። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አስኬዱ፤ ወደ ላይም መለስ ብለው አመሳከሩ።

«ሁለታችሁም ወጥታችኋል» አሉ። «ጽፌዋለሁ።»