ማርሽ ስትቀንስ ነዳጁን መኪናው ቢሰጥልህስ?

ማኑዋል መኪና የምንነዳ ሰዎች ትንሽ ጉረኞች ነን። ማርሽ ስንቀንስ ነዳጅ ነካ አድርገን ዙሩን የምናስተካክለው እኛ ነን፣ ኮምፒውተር ምን አገባው እንላለን። እኔ ግን አውቶማቲክ ሬቭ ማቺንግ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀነስ የሞተሩን ዙር ራሱ የሚያስተካክል ሲስተም፣ ያለው መኪና ካገኘሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አላጠፋውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአራተኛ ማርሽ እየሄድክ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ነው እንበል። የአራተኛው ማርሽ ሬሾ (የካምቢዮው መውጫ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንቴ እንደሚዞር) 1.2፣ የሦስተኛው 1.6 ከሆነ፣ በዚያው ፍጥነት ሦስተኛ ስታስገባ ሞተሩ 4000 መድረስ አለበት። ፍሪሲዮን ረግጠህ ነዳጁን ስትለቅ ግን ዙሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። እንዲሁ ፍሪሲዮኑን ከለቀቅከው ልዩነቱን የሚሸከመው የፍሪሲዮን ሸራው ነው። ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ መኪናውም ወደ ፊት ይገፈትርሃል። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ መኪና ከሆነና አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጎማው ለአፍታ መንገዱን ሊለቅና የኋላው ሊንሸራተት ይችላል፣ በተለይ ኩርባ ላይ።

የድሮው መፍትሔ በቀኝ እግር ጣቶች ፍሬን እየረገጡ በዚያው እግር ጎን ወይም ተረከዝ ነዳጅ መንካት ነው። ደስ ይላል፣ ግን ልምድ ይፈልጋል፣ የፔዳሎቹ አቀማመጥም ካልተመቸ ጣጣ ነው።

ይሄን ሥራ ነው ኮምፒውተሩ የተረከበው። ፍሪሲዮን መረገጡን አንድ ሴንሰር ይነግረዋል፣ ማርሹ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሌላው ይነግረዋል፣ የመኪናውን ፍጥነት ደግሞ ያውቀዋል። የቀረው ሒሳብ ነው። ነዳጅ መስጫው በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ ስለሚታዘዝ፣ ራሱ ከፍቶ ዙሩን ያወጣዋል። ኒሳን በ2009 ሞዴል 370ዜድ ላይ ይዞት መጣ፣ ሼቭሮሌትም በ2014ቱ ኮርቬት ላይ፣ ከዚያ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አርና ሌሎችም ተከተሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይሄ ሲስተም ካምቢዮ ውስጥ ያለውን ሲንክሮናይዘር፣ ማርሹ ሳይንቋቋ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለውን ክፍል፣ ያሳርፈዋል ይባላል። አያሳርፈውም! ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩና ካምቢዮው ተለያይተዋል፣ ስለዚህ ሞተሩ ብቻውን ቢጮህ ለማርሾቹ የሚደርሳቸው ነገር የለም። ሲንክሮናይዘሩን ማሳረፍ የፈለገ ኒውትራል ላይ ፍሪሲዮኑን ለቆ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ እንደገና መርገጥ አለበት። ሬቭ ማቺንግ የሚጠቅመው የፍሪሲዮን ሸራውን፣ ከሸራው እስከ ጎማው ያለውን ክፍልና የተሳፋሪውን አንገት ነው።

ከስህተትም አያድንህም። በከፍተኛ ፍጥነት ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ልትቀንስ ብለህ እጅህ ሁለተኛ ውስጥ ከገባ፣ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፣ ቀዩን መስመር፣ የሞተሩን የዙር ገደብ፣ አሳልፈው። እዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ቢዘጋም ምንም አይፈይድም፣ ቫልቭ ሊጣመም ይችላል።

የሚያናድደኝ ማጥፊያውን ስክሪን ሜኑ ውስጥ የሚደብቁ መኪኖች ናቸው፣ ምክንያቱም በእግር መለማመድ የሚፈልግ ሰው በየጊዜው ሜኑ ሲበረብር መዋል የለበትም። 370ዜድ ከማርሹ አጠገብ ቁልፍ አለው። ያ 2014 ኮርቬት ደግሞ አውቶማቲክ መኪና ላይ ማርሽ በሚቀየርባቸው ዓይነት፣ ከመሪው ጀርባ ባሉ ማንሻዎች ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። ሰው ሲያያቸው አውቶማቲክ ይመስለዋል፣ ይምሰለው።