«ሞተሯን ብቻ እዩልኝ»

በጀልባ ጥገና ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት ካሳለፍሁ በኋላ የደረሰብኝ ገጠመኝ ነው። የመጀመሪያ ጀልባውን ሊገዛ የተነሣ አንድ ደንበኛ፣ ያገለገለች የፋይበር ግላስ ጀልባ አግኝቶ «ሞተሯን ብቻ እዩልኝ» አለኝ። ቀድሞ የሞቀ ሞተር በቀዝቃዛው አልነሣ የማለት አመሉን ስለሚደብቅ፣ እኔ እስክደርስ ድረስ ሻጩ እንዳያስነሣው አሳሰብሁ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ውስጡ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ብለካ ተቀራራቢ ሆኖ አገኘሁት፤ ውኃ ቢገባበት ኖሮ እንደ ወተት ይነጣ የነበረው የማርሽ ዘይትም ንጹሕ ነበር። «ሞተሩ ደኅና ነው» አልሁት፤ እርሱ ግን «ጀልባዋ ደኅና ናት» ያልሁት መስሎት ገዛት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፍጥነት ሲጨምር ሞተሩ እንደሚወዛወዝ ሊነግረኝ መጣ። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቼ የታችኛውን ጫፍ በክብደቴ ብጫነው፣ የታሰረበት የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ አብሮ ታጠፈ። አንዱን ብሎን ስፈታው ከቀዳዳው ጥቁር ውኃ ተንጠባጠበ፤ በካቻቢቴ ጫፍ ስቆረቁረው ደግሞ እንደ ራሰ ካርቶን የሆነ እንጨት እየተፈረፈረ ወጣ።

የብዙ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ከፋይበሩ ሽፋን በታች ኮምፔንሳቶ አለበት፤ በብሎኖቹ ዙሪያ የተቀባው ማሸጊያ ሲያረጅ ውኃ ሰርጎ ይገባና፣ ውጪው እያብረቀረቀ ውስጡ ይበሰብሳል። አዲስ የተቀባው ቀለም እኔንም ደንበኛውንም አስደስቶን ነበር፤ ለምን አሁን እንደተቀባ ግን አልጠየቅንም። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ደኅናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ጥገናው ግን ሞተሩን አውርዶ፣ ሽፋኑን ቆርጦ፣ እንጨቱን ሁሉ ፍቆ ማውጣትን የሚጠይቅ ነበርና፣ ጀልባዋን ከገዛበት ዋጋ ግማሽ ያህሉን ወሰደበት።

ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ገዢ ሲመጣ ወደ ሞተሩ ከመሄዴ በፊት ጀልባዋን በምን ዓይነት ውኃ ላይ፣ ከስንት ሰው ጋር እንደሚጠቀምባት፣ የት እንደሚያቆማትም እጠይቀዋለሁ፤ ክፍያውም በሚጭነው ሰው ልክ ውኃ ላይ ተሞክራ ካየናት በኋላ እንዲሆን እመክረዋለሁ። በምሰጠው የምርመራ ወረቀት ላይም ካየሁት በታች ያላየሁትን ዘርዝሬ እጽፍና፣ አንብቦ እንዲፈርምበት አደርጋለሁ።